ውሃው ደረሰን፤ ምንጩስ?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዘን በየማደሪያ ክፍሉ ዞርን። ጥያቄያችን «ከተማችን አርባ ምንጭ የተባለችው ለምንድን ነው?» የሚል ነበር። ያልመለሰ ሰው አላገኘንም። «አርባ ምንጮች ስላሏት ነዋ!» አሉን ሁሉም። እንዲያውም አንዳንዶቹ «ሌላ ሥራ አጣችሁ እንዴ?» ብለው ሳቁብን። ቀጥለን «ማን ነገራችሁ?» ስንል ግን ሳቁ ቆመ። አንዱ «አስተማሪዬ ይመስለኛል» አለ። አንዷ «መጽሐፍ ላይ ሳላነበው አልቀርም» አለች። ሌላው «ኧረ ይህ እኮ የታወቀ ነገር ነው!» ብሎ ተቆጣን። «አርባ መሆናቸውን ቆጥራችኋል ወይ?» ለሚለው ደግሞ አዎን ያለን የለም። እኛም ጠያቂዎቹ ብንሆን አልቆጠርንም።

ነገሩን ለቀልድ አላነሣነውም። ነገ በሕፃናት ፊት ጠመኔ ይዘን የምንቆም ሰዎች ነን። የምናውቀውን ከየት እንዳገኘነው የማናውቅ ከሆነ፣ ለሕፃናቱ የምንሰጠው ምን እንደ ሆነ አውቀናል ለማለት ያስቸግራል። ቋንቋችን ውሃ የሚፈልቅበትንም፣ ወሬ የሚነሣበትንም በአንድ ቃል «ምንጭ» ይለዋል። ምንጮቻችን ከገደሉ ግርጌ፣ ከጥቅጥቁ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ። ሴቻ ላይ ሆኖ ቧንቧ ከፍቶ ብርጭቆውን የሚሞላ ሰው ግን ውሃውን ያገኛል እንጂ ምንጩን አያይም። በአእምሯችን ያለው እውቀትም አብዛኛው እንደዚሁ በቧንቧ የመጣ ነው።

ሁለቱ ትዝታዎች

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ትዝታን ከሚከፍሉባቸው መንገዶች አንዱ ኤንደል ተልቪንግ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ነው። በእርሱ አከፋፈል አንዱ የነገር ትዝታ ነው፤ ይኸውም «ጫሞ ሐይቅ ነው»፣ «ውሃ ሲሞቅ ይተናል» እንደሚሉት ያለ ጥሬ እውቀት ነው። ሁለተኛው የገጠመኝ ትዝታ ነው፤ ማለትም ያን ነገር የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር ሆነን እንዳየነው ወይም እንደሰማነው የሚይዘው ነው። ሁለቱ አብረው ቢገቡም አብረው አይቆዩም። ነገሩ ሲቀር ገጠመኙ ቀድሞ ይሄዳል።

መለያየታቸው ጎልቶ የታየው የማስታወስ ችሎታቸው በተጎዳ ሕሙማን ላይ ነው። ዳንኤል ሻክተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን አዳዲስ ነገሮች ተነገሯቸው። ቆይቶ ሲጠየቁ ከነገሩ አንዳንዱን በትክክል መለሱ፤ «ይህን ማን ነገረህ?» ሲባሉ ግን አላወቁም። የነገራቸው ሰው ፊታቸው ተቀምጧል! እኛ ጤነኞቹም ብንሆን የዚሁ ቢጤ አለብን፤ ልዩነቱ የመጠን ነው።

ብዙ ሰው አእምሮ እንደ መዝገብ ቤት ይመስለዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ ማኅተም ያለበት መዝገብ ቤት ማለት ነው። ማርሻ ጆንሰን፣ ሻሂን ሀሽትሩዲና ስቲቨን ሊንድሰይ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ማብራሪያ ግን ይህን ያፈርሰዋል። እነርሱ እንደሚሉት በትዝታችን ላይ ማኅተም የለም። ምንጩን የምናውቀው በፍርድ ነው። ድምፁ ትዝ ካለን «ሰምቼዋለሁ» እንላለን፤ የገጹ መልክ ከመጣልን «አንብቤዋለሁ» እንላለን፤ ለማሰብ መድከማችን ከታወሰን «የራሴ ሐሳብ ነው» እንላለን። ፍርድ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ስንቸኩል፣ ልባችን ሁለት ቦታ ሲሆን፣ ወይም ጊዜው ሲርቅ ስሕተቱ ይበዛል።

«አሉ» ስትወድቅ

አማርኛችን ለዚህ ችግር አንዲት ትንሽ መድኃኒት ነበረችው። እርሷም በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የምትመጣው «አሉ» ናት። «እገሌ መጣ አሉ» ስንል «ወሬው የእኔ አይደለም፤ ተቀብዬ ማስተላለፌ ነው» ማለታችን ነው። ግን ከቃሎቹ ሁሉ ቀድማ የምትወድቀው ይህችው ናት።

የምናውቀውን የግቢ ሕይወት እንውሰድ። ጧት ቁርስ ላይ «ፈተናው ወደ ሰኞ ተዛወረ አሉ» ይባላል። ምሳ ላይ «ፈተናው ወደ ሰኞ ተዛውሯል» ይሆናል። ማታ «ሰኞ ነው፤ የተረጋገጠ ነው!» ተብሎ ይታደራል። በማግሥቱ ዓርብ ፈተናው በተባለበት ቀን ሲሰጥ «ማን ነው ያሳሳተን?» እንላለን። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። አንዲት ቃል በየአፉ ስትንጠባጠብ ዋለች፤ በቃ።

ይህ የግቢያችን ዕጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ካርል ሆቭላንድና ዋልተር ዋይስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተሙት ጥናት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለሁለት ወገን አንባቢዎች ሰጡ። ለአንዱ ወገን ጸሐፊው የሚታመን ነው አሉት፤ ለሌላው የማይታመን ነው አሉት። ወዲያው ሲጠየቁ የታመነው ጸሐፊ አሳብ ይበልጥ ተቀባይነት አገኘ። ከ4 ሳምንት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የማይታመነው ጸሐፊ ቃል እንደ ታመነው ተቆጠረ፤ ምክንያቱም ነገሩ በልባቸው ሲቀር የተናገረው ሰው ከነገሩ ተለይቶ ነበር። ተስፋ የሚሰጠው ግን ቀጥሎ የተደረገው ነው። ኬልማንና ሆቭላንድ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳሳዩት ተናጋሪው ማን እንደ ነበረ እንደገና ሲነገራቸው ልዩነቱ ተመልሶ መጣ። እንግዲህ ምንጭን ማስታወስ ጌጥ አይደለም፤ ዳኝነታችንን የሚመልስልን እርሱ ነው።

በዚህ ላይ መደጋገም ይጨመራል። ሊን ሀሸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳዩት ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን አባባል፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ አንድ ጊዜ ከሰሙት ይልቅ እውነት ነው ብለው ይገምታሉ። ጆሮ የለመደውን ልብ ያምነዋል ማለት ነው። ዛሬ አንድ ወሬ በቴሌግራም በአምስት ቡድን ውስጥ ሲዞር ስናየው «አምስት ምስክር አለው» እንላለን። ምንጩ ግን አንድ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው በአምስት ቧንቧ መምጣቱ ምንጩን አምስት አያደርገውም።

በቆሎና ወባ

ነገሩ ሕይወት የሚነካበትን ቦታ እንይ። በአባያ ዙሪያ ወባን የማያውቅ ሰው የለም። በልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍሎች «ወባ የሚመጣው እሸት በቆሎ ከመብላት ነው» ሲባል ይሰማል። ከመካከላችን ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ጥቂት ነው። ማን እንደ ነገረን ግን አናስታውስም፤ ከቤት፣ ከጎረቤት፣ ምናልባትም ከክፍል።

የወባን ምንነት በተመለከተ የምንጩ ዱካ ያልጠፋ እውቀት አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ በሕሙማን ደም ውስጥ ተውሳኩን አየ። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ ሀገር ተውሳኩን በትንኝ አካል ውስጥ አገኘው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንዳየ ተጽፎ ስለ ቀረ ሌሎች እየደገሙ ሊያረጋግጡት ቻሉ። ስለዚህ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት እንላለን፤ እሸት አይደለም።

ታዲያ አባቶቻችን ዝም ብለው ፈጠሩት? አይመስለንም። በሀገራችን ብዙ ቦታ የወባ ወራት ዋናው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። እሸትም በብዙ ቦታ የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ያየ ሰው ነበር። ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው ተመራማሪዎች በዚህችው በኢትዮጵያ ያገኙት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የወባ ትንኝ እጭ በውሃ ላይ የወደቀውን የበቆሎ አበባ ብናኝ እየተመገበ በደንብ እንደሚያድግ አሳየ። በጎጃም በቡሬ አካባቢ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ደግሞ በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ የወባ ሕመም በዝቶ እንደ ተገኘ ገለጸ። በቆሎና ወባ ዝምድና ነበራቸው ማለት ነው፤ ግን በውሃው ላይ ባለው እጭ በኩል እንጂ በሚበላው እሸት በኩል አልነበረም።

እንግዲህ አስተውሉ። የመጀመሪያው ሰው ያየው ነገር ዋጋ ነበረው። «በዚህ ወር፣ በዚህ ማሳ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ታመሙ» የሚለው ምልከታው ከነምንጩ ቢተላለፍ ኖሮ አንድ ጠያቂ ቀደም ብሎ ይደርስበት ነበር። የደረሰን ግን ድምዳሜው ብቻ ነው፤ ያየው ሰው፣ ያየበት ቦታና ወራቱ በመንገድ ቀሩ። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። እናት ለልጇ እሸቱን ትከለክላለች፤ ማታ ግን ያለ አጎበር ታስተኛዋለች።

አንዲት ክንፍ

ምንጭ መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ታሪክ ከደጃችን አለን። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ ሀገር ከካምብሪጅ የመጣ የተመራማሪዎች ቡድን በነጭ ሣር ሜዳ መንገድ ላይ ሞቶ የተጎዳ አንድ የሌሊት ወፍ ዘር አገኘ፤ በሌሊት እየበረረ ነፍሳት የሚለቅም፣ ላባ ያለው እውነተኛ ወፍ ነው እንጂ ያቺ የምናውቃት የሌሊት ወፍ አይደለም። ከአካሉ ሊያተርፉ የቻሉት አንዲት ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፏን ከሚታወቁት ወፎች ጋር ቢያስተያዩአት የማንም አልሆነችም። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ስም ወጣለት፤ ስሙም ሶላላ ሆነ፤ ከላቲን «ብቸኛ» እና «ክንፍ» ከሚሉ ቃላት የተቀናበረ ነው።

አንዲት ክንፍ ዓለም የሚቀበላት ማስረጃ የሆነችው ስለ ምንድን ነው? የተገኘችበት ቦታ፣ ጊዜና ሁኔታ አብሮ ስለ ተያዘ ነው። ያ መረጃ ባይኖር ኖሮ ያቺ ክንፍ የላባ ቁራጭ ነበረች። በአእምሯችን የተከማቸውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ከነቦታውና ከነጊዜው ከሆነ ትንሹም ማስረጃ ይሆናል፤ ከተለየ ግን ላባ ነው።

ምንጭ የማይሻ እውቀት

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ሁሉንም ነገር ከማን እንደ ሰማን ልንሸከም ነው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። 7 ጊዜ 8 ስንት እንደ ሆነ ማን እንዳስተማረን ብንረሳ ምንም አይጎድልብንም። በቆሎ ፍሬ ደርድረን ብንቆጥር 56 ይመጣል። ራሳችን ተመልሰን ልናረጋግጠው የምንችለው እውቀት ምንጩ ቢጠፋም በእግሩ ይቆማል። እንዲያውም ገጠመኙ ረግፎ ነገሩ ብቻ መቅረቱ አእምሮን ያቀልለታል።

በሰው ቃል ላይ ብቻ የቆመ እውቀት ግን ሌላ ነው። በሽታን፣ መድኃኒትን፣ የሰውን ስም፣ የጎሣና የሀገር ታሪክን የሚመለከት ነገር ፍሬ ደርድረን አንቆጥረውም። የእነዚህ እግራቸው ምንጫቸው ነው። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን «ይህን ራሴ ላረጋግጠው እችላለሁ ወይ?» ብለን ነው። የምንችል ከሆነ ምንጩ ቢረሳም ግድ የለም። የማንችል ከሆነ ግን ምንጩን እንደ ነገሩ አጥብቀን እንያዝ።

ቀደምት ሊቃውንት ይህን ልዩነት አላጡትም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቅኔ የተማረ ሰው ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ተብሎ የቤቱ ስም ይጠራል፤ በመጻሕፍት ትርጓሜም ላይ ቤትና ታች ቤት ይለያሉ። በእስልምና ትምህርትም ሐዲስ የሚጠቅስ ሊቅ ማን ከማን እንደ ሰማው የሚዘረዝረውን ኢስናድ ያቀርባል፤ ሰንሰለቱ ከተበጠሰ የቃሉ ክብደት ይቀንሳል። ሕግ አዋቂዎችም ያየ ምስክርን ከስሚ ስሚ ይለያሉ። መምህር ከእነዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም።

በክፍል ውስጥስ?

መምህር ከሌላው ሰው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ለተማሪው ምንጩ ራሱ መምህሩ ነው። ልጁ ቤቱ ሄዶ «መምህራችን ብለዋል» ሲል ክርክሩ ያበቃል። እኛ በ«ይመስለኛል» የያዝነው ነገር እርሱ ዘንድ ሲደርስ «ነው» ይሆናል፤ እርሱም መምህር ከሆነ ደግሞ ለሌላ ትውልድ ይሻገራል።

በዚያ ላይ ትንንሽ ልጆች ምንጭ ማስታወስ ገና አልጠናላቸውም። ማርጆሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የ4 ዓመት ልጆች ያኔውኑ የተማሩትን አዲስ ነገር «ድሮም አውቀው ነበር» ይሉ ነበር። ስለዚህ የቅድመ መደበኛ ተማሪ «እኔ ድሮም አውቀዋለሁ!» ቢለን ውሸታም ነው ብለን ልንቆጣው አይገባም። አልዋሸም፤ የተማረበት ሰዓት ገና በአእምሮው አልተለየለትም።

በትልልቆቹም ቢሆን ፍርዳችን ይለዝብ። ብራውንና መርፊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰዎችን በቡድን አስቀምጠው በየተራ ስም እንዲጠሩ፣ ኋላም የራሳቸውን ብቻ እንዲያስታውሱ ቢያደርጉ፣ ጥቂት የማይባሉት የጓደኛቸውን መልስ የራሳቸው አድርገው አቀረቡ። በቡድን ሥራ ጊዜ «ሐሳቤን ሰረቅኸኝ!» እየተባባልን የምንኳረፈው ሁሉ ሌብነት ላይሆን ይችላል። መጽሐፍ ገልብጦ ስም መለጠፍ ግን ሌላ ነው፤ ያ መርሳት አይባልም።

እንግዲህ ለሥራችን ይረዳሉ የምንላቸውን አራት ልማዶች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማስታወሻ ስንይዝ በኅዳጉ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን እንጻፍ። ምንጭ የሚረሳው በኋላ ብቻ ሳይሆን ሳይያዝ ሲቀርም ነውና ገና ትኩስ ሳለ እንያዘው።

ሁለተኛ፣ ስናስተምር አራት ቃላት እንለይ፤ አየሁ፣ አነበብሁ፣ ሰማሁ፣ ገመትሁ። «ይህን ያነበብሁት በመማሪያ መጽሐፉ ነው፤ ይህን ግን ከሰው የሰማሁት ነው» ማለት የመምህርን ክብር አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ ተማሪ ትክክል ሲመልስም «እንዴት አወቅህ?» እንበለው፤ በቁጣ ሳይሆን በፍቅር። ሲሳሳት ብቻ ከጠየቅነው ጥያቄውን እንደ ቅጣት ያየዋል።

አራተኛ፣ ምንጩ ከጠፋን «ከየት እንዳገኘሁት አላስታውስም፤ አጣርቼ ነገ እነግራችኋለሁ» እንበል። ነገም ሳንረሳ እንንገራቸው።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ችግሩ ተገልብጦም ይመጣል። ቤትሲ ስፓሮውና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኮምፒዩተር ተቀምጦ ይቆየናል ብለው ያሰቡትን ነገር ከነገሩ ይልቅ የተቀመጠበትን ቦታ ያስታውሱ ነበር። ዛሬ «ስልኬ ውስጥ አለ» የምንለው ይህን ይመስላል። ቦታውን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መብራት በሌለበት፣ ኔትወርክ በማይደርስበት የገጠር ትምህርት ቤት «ስልኬ ውስጥ አለ» ትምህርት አይሆንም። ምንጩን የሚያውቅ ግን ያልቀዳ ሰው እንደ ጠማው ይኖራል፤ የቀዳ ግን ምንጩን የማያውቅም ውሃው የደፈረሰ ዕለት መላ የለውም።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የከተማችን ምንጮች አርባ ናቸው? ምናልባት «አርባ» የተባለው ብዙ ለማለት ይሆናል፤ ይህም የእኛ ግምት እንጂ የሰማነው አይደለም። ከእናንተ መካከል የቆጠረ፣ ወይም ከቆጠረ ሰው አፍ የሰማ ካለ ጽፎ ያምጣልንና በሚቀጥለው ዕትም እንለጥፈዋለን፤ ግን ከማን እንደ ሰማ አብሮ ይጻፍ። ይህን ጽሑፍም ለሌላ የምታወሩ ከሆነ «የታወቀ ነው» አትበሉ። «ግድግዳ ጋዜጣው ላይ አነበብን» በሉ፤ ተሳስተን ከሆነ የሚያርመን ሰው የት እንደሚያገኘን ይወቅ።